ያልበላ ይምጣ

የወንድሜ ሚስት ላምዱአን ድምፅ ማጉያ የሚያስፈልጋት ሴት አይደለችም። የጤና በጎ ፈቃደኛ ስለሆነች ግን መንደሩ በገዳሙ ግቢ ምሰሶ ላይ አንድ ሰቅሎላታል። በየዓመቱ ሩዙ ታጭዶ ብርዱ ሲገባ፣ ከአውራጃው ሆስፒታል ሐኪሞች አልትራሳውንዳቸውን በመኪና ጭነው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ከዋዜማው ጀምራ ጆሯችንን ታደነቁረዋለች። "ነገ ጠዋት ነው! ከእራት በኋላ ምንም እንዳትቀምሱ! ያልበላ ይምጣ! የበላ እቤቱ ይቀመጥ!" የመንደሩ ዶሮዎች ሳይቀሩ መልቀም የሚያቆሙ ይመስለኛል።

ይህን የምታውጀው እንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታበላ የኖረች ሴት ናት። እኛ ባን ኖንግ ዌንግ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ "ሩዝ በላህ?" ነው የሚባባለው፤ ሌላ ሰላምታ የለንም። "አልበላሁም" ያለን ሰው ሳያበላ የሸኘ ደግሞ ነውሩ እስከ ልጅ ልጁ ይነገርበታል። ላምዱአን ለወንድሜ ለካምሲንግ ተድራ ወደ ቤታችን ስትመጣ ገና ቀጭን ልጅ ነበረች። በሩን አልፎ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሳይበላ አልፎ አያውቅም ነበር። እናታችን "ይህች ልጅ ጎተራውን ለመንገደኛ ልትጨርሰው ነው" እያለች ታጉረመርም ነበር፤ እሷም ግን ከማጉረምረሟ በፊት በልታ ነው።

ኮይ የምንለውን የጥሬ ዓሣ ክትፎ እንደ እሷ የሚሠራ በቺ ወንዝ ግራና ቀኝ አልነበረም። ካምሲንግ ከኩሬው በመረብ ያወጣቸውን ትንንሽ ነጫጭ ዓሦች ከነአጥንታቸው በሰፊ ቢላ ትከትፋለች። ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ የተቆላ ሩዝ ዱቄት፣ በርበሬ፣ የሽንኩርት ቅጠልና ናና ትጨምርበታለች። ትቀምሰዋለች። ትንሽ ሎሚ ትጨምራለች። ደግማ ትቀምሳለች። እሳት የሚባል ነገር አይነካውም። ሎሚው ሲያርፍበት ሥጋው ነጭ ስለሚሆን "በሰለ" እንላለን፤ አያቶቻችንም እንደዚያው ይሉ ነበር። ምናልባት ትል ቢኖርበት ደግሞ የሩዝ አረቄው ይገድለዋል ባዮች ነን። አረቄው የገደለውን ትል እስከ ዛሬ አላየሁም፤ የጣለውን ሰው ግን ስንቱን ደግፌ ወደ ቤቱ አድርሻለሁ።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ የመጡ ዓመት ማስታወቂያውን ያነበበልን የመንደሩ ሹም ነበር። "ሐኪሞቹ ያልበላ ሰው ይፈልጋሉ" አለን፤ ሌላ ማብራሪያ አልነበረውም። ላምዱአን ነገሩን የተረዳችው በኛ አገር ልብ ነው። ያልበላ ሰው የሚፈልግ ሰው ሊያበላው ካልሆነ ለምን ይፈልገዋል? ሐኪሞቹ ምግብ ይዘው ሊመጡ ነው ብላ ቆረጠች፤ ደሟም ፈላ።

"እንግዳ መጥቶ እኛኑ ሊያበላን ነው? ሞተናል እንዴ?" እያለች ዶሮ ሳይጮህ ተነሳች። ሁለት ትልልቅ ድስት ሩዝ፣ አንድ ገበታ ሙሉ ኮይ አሰናዳችና በገዳሙ አዳራሽ የተሰለፈውን ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ አበላችው። ማንም እምቢ አላለም። ላምዱአንን እምቢ ብሎ የሚያመልጥ ከየት ይመጣል?

ዶክተር ዋሪን የምትባል የኡቦን ከተማ ልጅ ናት የመጣችው፤ ቋንቋችንን የምታውቅ፣ ሽማግሌውን ሁሉ "አባቴ"፣ ባልቴቷን ሁሉ "እናቴ" የምትል። የመጀመሪያውን ሰው አስተኝታ ሆዱ ላይ ቀዝቃዛ ዝልግልግ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን አንሸራተተች። ፊቷን ቋጠረች። ሁለተኛውን አየች። ሦስተኛውን አየች። ከዚያ መሣሪያውን አስቀመጠችና ወደ እኛ ዞረች።

"እናንተ ሰዎች፣ ሐሞታችሁን የት አደረሳችሁት?"

ሰው ሲበላ የሐሞት ከረጢቱ ተጨምቆ ይኮማተራል፤ አንጀቱ አየር ይሞላና ሥዕሉ ጭጋግ ይሆናል። ይህን ስትነግረን ሁላችንም አፋችንን እየጠረግን መሬት መሬት እናያለን። ያን ዓመት ሙሉ የጎረቤት መንደር ሰዎች ሐሞተ ቢሶች እያሉ ሲስቁብን ከረሙ።

ዋሪን ግን ተቆጥታ አልሄደችም፤ ወለሉ ላይ አብራን ቁጭ ብላ አስረዳችን። "የሐሞት ቧንቧ ካንሰር በሌላው ዓለም ብርቅ በሽታ ነው። ሌላ አገር ያለ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ አንድ እንኳ ላያይ ይችላል። እኛ ጋ ግን በየቤቱ ነው። ከጥሬ ዓሣ ጋር የሚገባው ትል ቧንቧው ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ዓመት ከዓመት ያቆስለዋል። ሰውየው ሕመም ሲሰማው ጊዜው አልፏል። ሳያመው በፊት የሚያይልን ይህ ማሽን ነው።"

ሽማግሌው ቡንታም ራሱን ነቀነቀና፣ "ለካ ብርቅ ነገር አለን! የከተማ ሰው አገራችሁ ምንም የሚታይ የለም ሲለን አላወቅንም" አለ። ሳቅን። ስንስቅ የላምዱአን ታናሽ ወንድም ታዊ ከሁላችንም በላይ ሲስቅ አስታውሳለሁ።

ታዊ በዚያ ጠዋት ከሰው ሁሉ አብልጦ የበላ እሱ ነበር። "ሌላ ቀን ሳይበሉ ሆስፒታል ይምጡ" ተባለ፤ እሺ አለ፤ አልሄደም። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ እርሻው ቅርብ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ገላውን ማከክ ጀመረ፤ ቀጥሎ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ያን ጊዜ ሲወስዱት የሚሠራ ነገር አልቀረም ነበር። አስከሬኑ በተቃጠለ ዕለት ላምዱአን እንባ እንኳ አልወጣትም፤ አጠገቤ ቆማ "በልቶ የመጣ መስሎሃል? እኔ ነኝ በእጄ አብልቼ የመለስኩት" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነች። የጤና ፈቃደኞቹን ዩኒፎርም ለበሰች፤ ኮዩን በመጥበሻ ላይ ማብሰል ጀመረች። መንደሩ ዋይ አለ። "ይሄማ ጥብስ ነው እንጂ ኮይ አይደለም!" ተባለ። እኔ ራሴ ብዙ ተናግሬያታለሁ፤ ሆዴን የሚነካብኝን ሰው አልወድም። "እንግዲያው ሂድና ከአረቄህ ጋር ጥሬውን ብላ፤ ስትሞት ግን እኔ አላለቅስም" አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ ታለቅስ ነበር።

በምርመራው ቀን ከአልጋው ለሚነሱት ትኩስ የሩዝ ሾርባ የምታቀርበውም እሷው ናት፤ ሰው ተርቦ ወደ ቤቱ መሄዱን አልቻለችውም። ዋሪን በየዓመቱ "እናቴ፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚተኙት?" ትላታለች። "እኔማ ስቀምስ አደርኩ፤ ለከርሞ" ትላለች ላምዱአን ጭልፋዋን እያወዛወዘች። ከርሞም ያው ነው። እኛም ለምን ብለን አልጠየቅንም፤ ሐሳባችን ሁሉ ወንድሜ ላይ ነበር።

ካምሲንግ፣ ነፍሱን ይማረውና (በሕይወት አለ፤ ግን አሁንም ያናድደኛል)፣ እንደ እሱ ያለ ተንኮለኛ አልተፈጠረም። "ያልፈለጉት ነገር አይገኝም" የሚል ፈሊጥ አለው። ኩሬው ዳር ከጓደኞቹ ጋር ጥሬውን አልተወም። በምርመራው ጠዋት ደግሞ ከሩዝ ሙዳዩ አንድ እፍኝ ሩዝ አድቦልቡሎ በሸሚዙ ሥር ይደብቅና፣ ኩሬው ዳር በልቶት ሲያበቃ እንደ ጨዋ ሰው መጥቶ ይሰለፋል። "አባቴ፣ ሩዝ በልተዋል?" ሲባል ግንባሩን ይመታል። "ውይ! ዘነጋሁት! በላሁ እኮ!" ይላል፤ ይመለሳል። ላምዱአን ታያለች፤ በሰው ፊት ባሏን አታዋርድም፤ ትቃጠላለች።

አንድ ዓመት ግን ምርመራው ሲቃረብ ያ ሰው እከክ እከክ አለው። ክንዱን ያካል፣ ጀርባውን በቤቱ ምሰሶ ይታሸዋል። ሱሪውም ሰፋው፤ መቀነቱን ወደ ውስጥ ወደ ውስጥ ያስራል። ላምዱአን ከብቶቼን ሳጠጣ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ሶምባት፣ አያህን አይተኸዋል?"

"ምኑን?"

"ሲያክ።"

አይቻለሁ፤ ግን "አላየሁም" ልላት አልሆነልኝም።

"ታዊም እንዲህ ነበር የጀመረው" አለች። "ዘንድሮ ካልታየ ከርሞ አላገኘውም። አንዱን በእጄ አብልቼ ገደልኩ፤ ሁለተኛውን አልችልም።"

"እና ምን ላድርግልሽ እታለም? በገመድ አስሬ ላምጣው?"

"አታብላው። ሩዙን እኔ እደብቃለሁ፤ መረቡንም ለሹሙ ሚስት ሰጥቻለሁ። መንደሩን ሁሉ በየቤቱ ዞሬ ለምኛለሁ። በልተሃል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁት። ከጠየቃችሁት አልበላሁም ይላል። አልበላሁም ካላችሁ ደግሞ የማናችሁም አንጀት አይችልም፤ ታበሉታላችሁ።"

"ኧረ ነውር ነው! ወንድሜን?"

"ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ። አንተ አፍህን ብቻ ዝጋልኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ካምሲንግ ተነስቶ ሙዳዩን ከፈተ፤ ባዶ ነው። "ሩዙስ?" አለ። ላምዱአን መንደሩን ልትጠራ ወጥታለች። ሾርባውን መሥራቱን እንኳ ያን ቀን ለሌላ ሴት ሰጥታ ነበር፤ ሽታው ሳያታልለው አይቀርም ብላ። እሱም ኮቱን ደርቦ ወደ መንገዱ ወጣ። የት ይሄዳል? ሰው ካገኘ ሩዝ እንደሚያገኝ ያውቃል፤ ከተወለደ ጀምሮ ሳይጠየቅ የዋለበት ቀን የለም።

የቡንታም ሚስት ደጇ ላይ ነበረች። አየችው፤ መጥረጊያዋን አንስታ የተጠረገውን ግቢ ደግማ ትጠርግ ጀመር። እማማ ሲዳ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ከምላሷ ጫፍ ደርሷል፤ በሁለት እጇ አፏን ያዘችና ወደ ቤት ሮጠች። ሰባ ዓመት የለመደ አፍ እንዴት ይታሰራል! የሹሙ ሚስት ሰላም እንኳ ሳትለው በሯን ዘጋች። በመጨረሻ እኔ ጋ መጣ።

ደጄ ላይ ቆመ። እኔ የላሟን ገመድ ያለ ሥራው እፈታለሁ፣ እቋጥራለሁ።

"ብርዱ ጠናብን" አልኩት።

"ጠና" አለ።

ጠበቀኝ። ሙዳዬ ከኋላዬ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ እሱም ያየዋል፣ እኔም እንደሚያየው አውቃለሁ።

"ሶምባት፣ ሰዉ ዛሬ ምን ሆኖብኛል? የበደልኩት አለ?"

"ምን አውቄ አያ" አልኩና ፊቴን ወደ ላሟ አዞርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ክፉ ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም። ልጆች ሳለን ዋንጫ ሩዝ ብቻ በቤት ሲኖር ከራሱ ቆርሶ ለእኔ ይሰጥ የነበረ ሰው ነው። እሱም እግሩን እየጎተተ ወደ ገዳሙ ሄደ፤ የተራበ ሳይሆን የተጣለ ሰው ይመስል ነበር።

እኔም ተከተልኩት። ሰልፉ ውስጥ ገባ፤ ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ተራው ሲደርስ ላምዱአን አልጋው አጠገብ ቆማለች፤ እጇን አጣምራለች። ዋሪን ስለዚህ ሁሉ ሸር የምታውቀው የለም። ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

"አባቴ፣ ሩዝ በልተዋል?"

ካምሲንግ አፉን ከፈተ። "ልጄ፣ ዛሬ ከሰው ሁሉ የጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አለ። "አልበላሁም።"

"ጎበዝ አባቴ! በሉ ይተኙ።"

ተኛ። ምን ያድርግ? ቅባቱ ሲነካው "ኡፍ! በረዶ!" ብሎ ጮኸ፤ መሣሪያው የጎድን አጥንቱ ሥር ወዲህና ወዲያ ሄደ። ጥቁርና ግራጫ ደመና የመሰለ ነገር የማሽኑ መስኮት ላይ ይርመሰመሳል፤ ለኛ ምኑም አይገባን። ላምዱአን ሥዕሉን ትታ የዋሪንን ፊት ነው የምታየው።

"ጉበቱ ደህና ነው። ሐሞት ከረጢቱ ደህና። ቧንቧዎቹም ቀጭን ናቸው፤ ደህና ናቸው።"

"ማከኩስ?" አለች ላምዱአን።

ዋሪን ሸሚዙን ገልጣ ጀርባውን አየች። "ይሄ የቆዳ እከክ ነው እናቴ። ቅባት እሰጣቸዋለሁ።"

"መክሳቱስ?"

"አፍዎን ይክፈቱ እስቲ አባቴ። ይኸው፣ መንጋጋ ጥርስ የለም! በምን ያላምጡ?"

ላምዱአን ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ለታዊ ያልወጣ እንባ ያን ቀን ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ቡንታም "ለእከክ ይህን ያህል ካስራብነው፣ ቢታመም ኖሮማ ምን ልናደርገው ነበር!" እያለ ያሽካካል። ካምሲንግ ሆዱን እየጠረገ ተነሳ፤ አሁን ሁሉም ገብቶታል።

"እናንተ ጨካኞች! በሉ ምግብ! ለእሷም ስጧት፤ ሩዙን ስትደብቅብኝ የራሷንም ነው የደበቀችው። እኔ ሳልበላ እህል አይወርድላትም፤ አውቃታለሁ።"

ዋሪን ወደ ላምዱአን ዞረች። "እናቴ፣ ሩዝ በልተዋል?"

"እኔ እንኳ... አልበላሁም። ግን ወረፋው—"

"ይተኙ።"

"ተኚ!" አለ ካምሲንግ። "እኔ በረዶውን ችዬዋለሁ።"

እየሳቀች ተኛች። መሣሪያው በቀኝ በኩል ሄደ፤ ወደ ግራ ተሻገረ፤ ቆመ። ተመለሰ። እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ቆመ። ስታወራ የነበረችው ዋሪን ወንበሯን ወደ ማሽኑ አስጠጋች።

"እናቴ፣ እዚህ ጋ አንድ ቧንቧ ሰፍቷል። ጫፉ ላይ ትንሽ ነገር ይታየኛል። ይህ ሥዕል ብቻውን አይፈርድም፤ ትልቁ ሆስፒታል ጋ ሌላ ምርመራ አለ። በዚህ ሳምንት ይሄዳሉ።"

"ማሽኑ ተሳስቷል!" ካምሲንግ ጮኸ። "የማከው እኔ! የከሳሁት እኔ! ጥሬውን የበላሁት እኔ! ይሄማ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው!"

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ጣሪያው በሳቅ ይነቀል ነበር። ወንድሜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን እንደገና ገለጠ። "ልጄ፣ እኔን ደግመሽ እዪኝ። በደንብ አላየሽኝም" አለ። እሱ ጥሬውን ባይተውም ቀማሿ እሷ ነበረች፤ ዕድሜ ልኳን ለእያንዳንዱ ገበታ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ማናችንም ይህን አስበን አናውቅም።

ላምዱአን ቀስ ብላ ተነሳች። ቀሚሷን አስተካከለች፤ የባሏንም ሸሚዝ ቆልፋለት፣ "ወረፋው ይቀጥል" አለች።

የጉበቷን ግራ ጎን ቆርጠው አወጡ። ካንሰሩ ገና ትንሽ ነበረ፤ ሲያገኙት አልተዛመተም ነበር። ሐኪሞቹ ሌላ ዓመት ብትቆይ ኖሮ እንደ ታዊ ትሆን ነበር አሉን። ካምሲንግ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ከረመ፤ ለሚጠይቁት ሁሉ "ራቤ ነው ያዳናት" ይላል፤ ይኮራል፤ ከዚያ ያለቅሳል። እኔ ግን ዳነች ሲሉኝ ብቻዬን ሄጄ ከላሞቼ ጋር አለቀስኩ፤ ለሰው አልናገርም።

ወደ መንደር የተመለሰች ቀን በፒክአፑ ኋላ ፍራሽ ላይ አስቀምጠናት ነበር። የመጀመሪያው ቤት ጋ ስንደርስ እማማ ሲዳ ከአጥሯ ውጭ ቆማ ጠበቀችን። በምርመራው ጠዋት ያፈነችውን ሁሉ ያን ዕለት ለቀቀችው።

"ላምዱአን! ሩዝ በልተሻል?"

ቀጥሎ የቡንታም ቤት፣ ቀጥሎ የሹሙ ቤት፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይጠይቃል። ካምሲንግንም እየጠቆሙ "አንተስ? በልተሃል?" ይሉታል፤ "አሁን ነው የምትጠይቁኝ?" ይላል እየተኮሳተረ፤ ደስታው ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው። ላምዱአን መልስ መስጠት አቅቷት በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

ቤት ስንደርስ ወንድሜ አስቀመጣትና ማድ ቤት ገባ። ውሃ አፍልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጭስ ወጣ፤ ስድብ ተሰማ፤ ቆይቶ ከሩዝ ሙዳዩ ጋር በሳህን አንድ ጥቁር ነገር ይዞ መጣና ፊቷ አስቀመጠ። ከኩሬው ያወጣው ዓሣ ነበር፤ በእሳት ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያገላበጠው።

"ይሄ ዓሣ ነው ወይስ ከሰል?" አለችው።

"ከሰል ትል የለውም። ብዪ።"

ጫፉን ቆንጥራ ቀመሰች፤ የልማዷን ትንሽ አሰበች። "ጨው ይጎድለዋል" አለች፤ ሁለተኛም ቆረሰች። ካምሲንግ አጠገቧ ተቀምጦ ጉሮሮዋን ያያል። እስክትውጥ ድረስ እጁን ወደ ሩዙ አልሰደደም።